ገልብጠህ ግባ

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሳልባጅ ልብስ በሚዘረጋበት መንገድ ካለፍኩ ቆየሁ። ወደ አጎቴ ሱቅ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ እሱ ነው፤ እኔ ግን ፀሐይ አናቴን እየበሳኝ ዞሬ እሄዳለሁ። የአጎቴ ሚስት ምን እንደነካኝ ትጠይቀኛለች። ልብስ ካየሁ ማንበብ አልተውም፣ ነገሩ ይኸው ነው። የሰው ፊት የታተመበት ካናቴራ ተሰቅሎ ካየሁ ደግሞ አለቀልኝ፤ ፊቱን አይቼ ዞር እልና በመንገዱ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ መመልከት እጀምራለሁ። ሞተ የተባለው ሰውዬ እዚሁ ቆሞ ሎሚ እየገዛ ሊሆን ይችላል እላለሁ። ይህ አመል የያዘኝ ሥራ ቦታ ነው።

ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ ባለ አንድ መጋዘን በር ላይ ተቀምጬ የሚገቡና የሚወጡ ከባድ መኪናዎችን አስተናግዳለሁ። ድሬዳዋ የተወለድኩ፣ ጅቡቲ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ያደግኩ የነጋዴ ቤት ልጅ ነኝ። በአማርኛ የመጣውን በአማርኛ፣ በሶማሊኛ የመጣውን በሶማሊኛ እመልሳለሁ፤ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ አይቸግረኝም፣ እንግሊዝኛም ማንበብ አያቅተኝም። አጎቴ ሊያበሽቀኝ ሲፈልግ ከጥርሴ ምላሴ ይበዛል ይላል። ልብስ አንባቢ ያደረገኝም ይኸው ምላሴ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጥበቃው ሽማግሌ ነው። አፋር ናቸው፤ ሶላት የማያልፋቸው፣ ሴት ሲያዩ ዓይናቸውን ወደ መሬት የሚጥሉ ሰው። አንድ ቀን ከሳልባጅ የገዙትን ቢጫ ካናቴራ ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ። በእንግሊዝኛ የተጻፈበትን ነገር ከአፌ አላወጣውም። ከውጭ የመጣ አንድ ደንበኛ አይቶ ሳቀ፣ ፎቶ አነሳቸው፣ ፎቶውም ዞሮ ዞሮ የሰው ኃይል ኃላፊያችን ዘንድ ደረሰ። ሽማግሌው ምን ተጽፎብኝ ነው ብለው ሲጠይቁኝ ጨነቀኝና ስለ ቢራ ነው አልኳቸው። ያቀለልኩላቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ቢራ ደረታቸው ላይ አድርገው መስገዳቸውን አስበው ያን ቀን ምሳም አልቀመሱ።

ኃላፊያችን ሁላችንም ማዳም የምንላት የጅቡቲ ሴት ናት። ከራሷ በፊት ሽቶዋ የሚደርስ፣ ሳቅ የማታባክን፣ ሥራዋን የምታውቅ። በማግሥቱ ትእዛዝ አወጣች። ጽሑፍ ያለበት ልብስ መጋዘን አይገባም፤ ሠራተኛ የድርጅቱን ካናቴራ ይለብሳል፤ ጽሑፍ ለብሶ የመጣ ሾፌር ደግሞ አውልቆ፣ ገልብጦ፣ ለብሶ ይገባል። ነውር ያለበትንና የሌለበትን ማን ይለያል ብዬ ጠየቅኳት። መለየት አያስፈልግም፣ ሁሉም ይገልበጥ አለችኝ። ድርጅቱ የሰጠን ካናቴራ ግን ጀርባው ሙሉ በፈረንሳይኛ «በሰላም እናደርሳለን» ተብሎ ተጽፎበታል። የራስ ሲሆን ጽሑፍ አይባልም መሰለኝ።

በሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ስለሆንኩ ማስፈጸሙ በእኔ ላይ ወደቀ። በየጠዋቱ «ገልብጠህ ግባ» ማለት ሥራዬ ሆነ። መጀመሪያ ሰሞን ሳቅ ነበር። አገር ቤት የታተመ ጽሑፍ ሁሉ ውሎ አድሮ በሾፌር ደረት ላይ ሆኖ ጅቡቲ ይደርሳል። የስኳር በሽታን ለመከላከል የተደረገ የእግር ጉዞ ይመጣል፤ የአንዲት ሙሽራ ሚዜዎች ይመጣሉ፤ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ልጅ ከነቆቧ ትመጣለች። አንዱ ሾፌር «እትዬ፣ ከገለበጥኩት እኮ የሚነበበው ቆሻሻዬ ነው» ብሎኝ ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ። እኔ ልብሱን እያየሁ፣ ይሄ ሰው የማን ወንድም፣ የማን አጎት እንደሆነ መገመት ለመድኩ። የማላውቃቸውን ሰዎች ቤት በመስኮት እንደማየት ነበር።

የሚከብደኝ የለቅሶ ካናቴራ ነበር። በእኛ ቤት ሰው ሲሞት በዕለቱ ይቀበራል፣ ሦስት ቀን እንቀመጣለን፣ ከዚያ ዱዓ ነው እንጂ ፎቶ ደረት ላይ ማተም አናውቅም። አገር ቤት ግን አሁን አሁን፣ በተለይ ወጣት ሲሞት፣ ለአርባው ፎቶው ካናቴራ ላይ ይታተማል፤ ዘመድ ጎረቤቱ ይለብሰዋል። አርባው ካለፈ በኋላ ልብስ ልብስ ነውና የሥራ ይሆናል። ግንባሩ ላይ የመኪና ግራሶ የተቀባ ሟች ስንቱን አየሁ። እነዚያን ገልብጡ ከማለቴ በፊት «ነፍስ ይማር» እላለሁ። ማዳም ምን እያልኳቸው እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቀችኝ፤ እንደምን አደርክ ማለት ነው አልኳት።

ከጫኝና አውራጆቹ መካከል አንድ ሰው ነበር። ወሎዬ ነው፤ ቀጭን፣ ጢሙን ያሳደገ፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ። የቀን ሠራተኛ ከሚያቀርበው ሰውዬ ጋር መጥቶ በጉልበቱ ስለተወደደ ቀረ። ልብስ በተመለከተ ከሱ ጋር ቃል ተለዋውጬ አላውቅም፤ ከድርጅቱ ካናቴራ ሌላ ለብሶ አላየሁትማ። ዓርብ ዕለት ሥራ ዘግተን እዚሁ ጅቡቲ ባለው ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ሳገኘው እንኳ ያንኑ ለብሶ ነበር። ልብስ የሌለው መስሎኝ የአጎቴን ልጅ ሸሚዝ አመጣሁለት። ጎንበስ ብሎ አመሰገነና በማግሥቱ ሸሚዙን ሌላ ሰው ለብሶት አየሁ። ማዳም ስለ ደንብ አክባሪነት ስታወራ ጣቷን የምትቀስረው ወደሱ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ጫት ደርሶ ከተማው ሥራውን ሲጥል፣ ጫኞቹ ጥላ ፈልገው ስልካቸውን አውጥተው ወደ አገር ቤት ይደውላሉ። መጋዘኑ በእናት፣ በሚስት፣ በልጅ ድምፅ ይሞላል። እሱ በዚያ ሰዓት ተነስቶ ባዶ ኮንቴይነሮቹ መካከል ይገባና ሁሉም ሲጨርሱ ይመለሳል። አገር ቤት ማን እንዳለው አንድ ጊዜ ጠይቄው ማንም የለኝም ብሎኛል። አላመንኩትም፣ ግን አልጎተጎትኩትም። እዚህ ከተማ የመን ለመሻገር የመጡ ልጆች በየግንቡ ሥር ተጋድመው እያየሁ ነው የኖርኩት። አንዳንዱ ይሻገራል፣ አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ እዚሁ ይቀራል፤ የቀረውን ሰው ለምን ቀረህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

ነገሩን ሁሉ ያመጣው ሾፌር የደረሰው ረመዳን ሊገባ ሰሞን ነው። በኮምቦልቻ መስመር የሚመላለስ፣ ቦርጩ ገፋ ያለ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው። ያን ጠዋት ነጭ የነበረ ካናቴራ ለብሷል። ደረቱ ላይ ሁለት ወጣቶች ጎን ለጎን ቆመው ይስቃሉ፤ ከሥራቸው «ሁሌም በልባችን ውስጥ ትኖራላችሁ» ይላል። ነፍስ ይማር አልኩና ወንድሞቹ እንደሆኑ ጠየቅኩት።

አያውቃቸውም። ከጥቂት ሳምንት በፊት ወሎ ውስጥ ጎማ ሊያስጠግን ቆሞ ነበር። ከጎማ ቤቱ አጠገብ ድንኳን ተጥሎ የአርባ ዝክር ይበላል፤ መንገደኛ ሳይቀምስ አያልፍም ብለው ጎትተው አስገቡት፣ አበሉት፣ ሲወጣ ደግሞ የተረፈ አለ ብለው ካናቴራውን ሰጡት። የመን ሊሻገሩ ሲሉ ባሕር የበላቸው ልጆች ናቸው ተብሎ ሰምቷል። ስማቸውን ሳላውቅ ዝክራቸውን በላሁ ብሎ ሳቀ፤ ጨርቁ ለሞተር ሥራ እንደሚመች ነገረኝ።

ገልብጠህ ግባ አልኩት። አውልቆ በሁለት እጁ ዘርግቶ ሲያራግፈው ጫኞቹ ወደ በሩ መጡ፤ ያ ወሎዬ ከፊት ነበር። እኔ ፎቶውን እያየሁ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ልጅ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ጢም የሌለው፣ አንድ ጆሮው ወደ ፊት የዘመመ ነው። ቀና ስል ያው ጆሮ ፊት ለፊቴ ቆሟል። ጉንጩ የለም፣ ጢም በቅሏል፣ ጆሮው ግን ያው ነው።

ሰውነቴን ብርድ ወረረኝ፤ በጅቡቲ ሙቀት፣ አስፋልት በሚቀልጥበት አገር። እሱ አልጮኸም፣ አልሸሸም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ጽሑፉን እያነበበ ነበር። ሾፌሩ ምንም ሳያውቅ ካናቴራውን ገልብጦ አጠለቀ። ጨርቁ ስስ ስለነበረ ላብ ሲያርሰው ሁለቱ ፊቶች ደብዝዘው ከውስጥ ወደ ውጭ ወጡ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሾፌሩ ባለፈ ቁጥር ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

ምሳ ላይ ወሎዬው ወደ ኮንቴይነሮቹ አልሄደም። እኔ ዘንድ መጥቶ እንዳልነግርበት ለመነኝ። ምን ብዬ፣ ለማን እንደምነግር እኔም አላውቅም ነበር። ተቀመጥ አልኩት፤ አልተቀመጠም። ቆሞ ነገረኝ።

ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። በሁለቱ ቤት መካከል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ በአንዱ ቤት ሲሳል በሌላው ይሰማል። እሱ በተወለደ ጊዜ እናቱ ታማ ስለነበር ያጠባችው የጓደኛው እናት ናት። አብረው ተማሩ፣ አብረው ሥራ አጡ፣ አብረው ተነሱ። ደላሎቹ ስልክ እንደሚቀሙ ስለሰሙ በመንገድ ላይ አንዱ የሌላውን እናት ስልክ ቁጥር በቃሉ ያዘ፤ ከሁለታችን አንዳችን አንድ ነገር ብንሆን የቀረው ይደውል ተባባሉ። ጀልባዋ ከኦቦክ ወደብ ተነስታ ብዙም ሳትርቅ ተገለበጠች። እሱ በምን እንደወጣ አያስታውስም። ሲነጋ ጓደኛውን አሸዋ ላይ አገኘውና በጣውላ ስባሪ ቆፍሮ ቀበረው። አብሯቸው ተሳፍሮ የነበረ የአጎራባች ወረዳ ልጅ በሌላ በኩል ወጥቶ፣ ሁለቱም አልቀዋል ብሎ ወደ አገራቸው ደወለ። እሱ ይህን የሰማው እዚህ ከተማ ከደረሰ በኋላ፣ ማንነቱን ከማያውቅ የአገሩ ሰው ነው። ድንኳን መጣሉን ሲሰማ ቀለለኝ አለኝ።

ቀለለኝ ሲል ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

«አሁን ተነስቼ አለሁ ብል፣ የሱ እናት ወዲያው ትመጣለች» አለ። «ያንቺ ከተገኘ የኔስ የት አለ ትላለች። እናቴ አልቅሳ ወጥቶላታል። እሷም አልቅሳ ወጥቶላታል። ሁለቱም እርማቸውን አውጥተዋል። ምን ብዬ ነው አንዷን አስቄ አንዷን ሁለተኛ የምገድላት?»

ተናደድኩ። እኔ ስናደድ አንተ አንቺ የሚለው የድሬዳዋ አፌ ይወጣል፤ ሰው አያይም። የእናትህን እንባ ለሰው የምታካፍል አንተ ማን ነህ አልኩት። በቁምህ እየተለቀሰልህ እንጀራ ከጉሮሮህ እንዴት ይወርዳል አልኩት። ሌላም ብዙ አልኩ። አንገቱን ደፍቶ አዳመጠኝና ልጅ እንዳለኝ በትሕትና ጠየቀኝ። የለኝም። ሊያሳምመኝ ብሎ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ተነስቼ ሄድኩ።

ከሥራ ስንወጣ ሰርቪሱ ውስጥ ሆኜ ያቺን የካናቴራ ቃል ሳላምጣት ነበር። ትኖራላችሁ። ቃሏ ሁለቱን አንድ ላይ ቋጥራለች። ሁለቱም ከሞቱ ልክ ናት፤ ሁለቱም ቢኖሩ ልክ ናት። አንዱ ኖሮ አንዱ ከሞተ ግን የምትሆን ቃል አይደለችም፤ እሱም የፈራው ይህንኑ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ እንዲህ ያለ ፍርድ በእኔ ላይ አልመጣም አልኩ። ወዲያው ደግሞ ባሰብኩት ነገር አፈርኩ።

በማግሥቱ የሾፌሩ ጭነት ዘገየ። መኪናው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ አገኘሁትና ስለዚያ ለቅሶ ጠየቅኩት። ለምን እንደጠየቅኩት በደንብ አላውቅም፤ ዝም ብዬ መቆየት አልቻልኩም። ሾፌር ወሬ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ ከድንኳኑ አጣጣል ጀምሮ አመጣልኝ። ሁለት እናቶች ነበሩ አለ። አንደኛዋ ካናቴራውን ከጥቁር ቀሚስ በላይ ለብሳ በሁለት ሴቶች ተደግፋለች። ካናቴራ የለበሰ ሰው ባየች ቁጥር እየሄደች ደረቱን ይዛ ከሁለቱ የአንዱን ፊት ትስማለች። እሱንም ገና ተሰጥቶት እንዳጠለቀው ይዛው ነበር።

ሌላዋ ግን ለየላት አለ። ቀይ ሻሽ አስራ ከድንኳን ጓዳ ትመላለሳለች፣ እንግዳ ብሉ ትላለች፣ ካናቴራውን አልነካም ብላለች። የእድሩ ሽማግሌዎች ቢለምኗት፣ አብሮት የሄደው መጥቶ ካልነገረኝ አልለብስም አለቻቸው። አብሮት የሄደውም እኮ ሞቷል ሲሏት የመለሰችው ለሾፌሩ የሚያስቅ ነበር።

«እንግዲያው የሞተው ይምጣና ይንገረኝ አለች» አለኝ።

ሳቅ ሊል ነበር፤ ፊቴን አይቶ ተወው። የምትስመው እናት የትኛውን ልጅ እንደምትስም ጠየቅኩት። ካናቴራውን ዛሬ በደንቡ ገልብጦ ነበር የለበሰው፤ ጫፉን ወደ ላይ ገልቦ ሆዱ ላይ ዘረጋና ጣቱን በቀኝ በኩል ባለው ልጅ ፊት ላይ አሳረፈ። ይሄን ነበር የምትስመው አለኝ። ቀና ሲል ወሎዬው ከኋላዬ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላወቅኩም፤ ሁሉንም ሰምቷል። ሾፌሩ አንድ ጊዜ ጣቱን አየ፣ አንድ ጊዜ ልጁን አየ። ከዚያ በዝግታ አማተበ። ሻዩ ከእጁ ተደፍቶ ጭኑን ሲያቃጥለው እንኳ አልተነሳም።

ወሎዬው መሬት ላይ ተቀመጠ። እሱ ሁለቱም አልቅሰው ጨርሰዋል ብሎ ነበር የሚኖረው፤ በዚያ ነበር የሚተኛው። አሁን በቁሙ ያለው እየተለቀሰለት፣ የተቀበረው እየተጠበቀ መሆኑን ሰማ። ሁለቱንም ነገር ማስተካከል የሚችል ሰው በዓለም ላይ አንድ እሱ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ሞቷል።

«እርሟን አላወጣችም» አለ።

ሾፌሩ አፉን ሲያገኝ መላ አመጣ። በወጉ ይሁን አለ፤ እኔ ስመለስ ለእድሩ ዳኛ እነግራለሁ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማልዶ ያረዳታል፣ ከዚያ ያንተ እናት ቀስ ተብሎ ይነገራታል። እኔም ደግፌው ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ይሄን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያውቃል። ልጁ ግን ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌ አንድ ጊዜ መልሳለች፤ የጠራችው እኔን ነው አለ። ከዚያ ሾፌሩን ካናቴራህን ስጠኝ አለው። ሾፌሩ ሳይጠይቅ አውልቆ ሰጠው፤ በምትኩ የድርጅቱን ለብሶ ሄደ።

በነጋታው ሰርቪሱ በሩ ላይ ሲያወርደኝ ልጁ ቀድሞኝ ቆሟል። ካናቴራውን አጥቦታል፤ በደህናው በኩል ለብሶታል። የገዛ ፊቱ ደረቱ ላይ ይስቃል፣ እሱ ከላይ ሆኖ ያየኛል። የጥበቃው ሽማግሌ ማንበብ አይችሉም፣ ፊት ግን ያውቃሉ፤ ጥላቸውን ለቀውለት ራቅ ብለው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ለምን ለበስከው አልኩት። ለጓደኛው አንድ ቀን አልቅሶለት እንደማያውቅ ነገረኝ። የሞተ ሰው እንዴት ያለቅሳል ብሎ ተወው እንጂ፣ ዛሬ ለጓደኛው እናት ሲነግራት ግን ለቅሶውን ለብሶ መሆን አለበት። መርዶ በማለዳ ስለሆነም ሳይረፍድ መደወል ይፈልጋል።

በዚህ መሐል የማዳም መኪና ደረሰ። ወርዳ ቀጥ ብላ ወደ እኛ መጣች። ገልብጠህ ግባ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር፤ አልወጣም። ምን ይላል ብላ ጠየቀችኝ። በልባችን ውስጥ ትኖራላችሁ ይላል አልኳት። እነማን አለች። አንደኛው ሞቷል፣ ሁለተኛው ይሄው አልኳት። ጥቁር መነጽሯን አወለቀች። ፎቶውን አየች፣ ልጁን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች። ምን ሊያደርግ እንደመጣ በአጭሩ ነገርኳት።

«ቢሮዬን ክፈቺለት» አለችኝ። «እዚያ ጸጥታ አለ። በሩን እኔ እጠብቃለሁ።»

ቢሮዋ ውስጥ በእኔ ስልክ ደወልን። ቁጥሩን ሳይደናቀፍ በቃሉ አለልኝ፤ እኔ ጫንኩ። ድምፁ እንዲሰማው ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩትና ልወጣ ስል እንዳይሄዱ አለኝ። ቆየሁ።

«አቤት» አለች የጓደኛው እናት። ዕቃ እያጠበች ነበር መሰለኝ፣ ውኃ ይሰማል።

«እቴቴ፣ እኔ ነኝ።»

ውኃው ቆመ። እኔ ጩኸቷን ስጠብቅ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር። ማን ነህ አላለችም፣ መንፈስ ነህ ወይ አላለችም።

«መጣህ?» አለችው።

«መጣሁ።»

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ እቴቴ።»

ትንፋሿ ይሰማል። ልጁ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል።

«ቀበርከው?»

«በእጄ ነው የቀበርኩት። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጌ።»

«እደግልኝ ልጄ» አለች። ድምፅዋ እዚያ ላይ ትንሽ ተሰበረና መልሳ ያዘችው። «ስልኩን አትዝጋው። መጀመሪያ እናትህን ልጥራልህ፤ እኔ ኋላ አለቅሳለሁ።»

ስልኩን የሆነ ቦታ ስታስቀምጠው ተሰማን፤ ከዚያ ግድግዳው ሲደበደብ። ከወዲያ ማዶ የደከመ ድምፅ ምን ሆነሽ አላት። ልጁ ያንን ድምፅ ሲሰማ አፉን በመዳፉ አፈነ።

«ነይ፣ ልጅሽ ነው» አለቻት። «ያን ካናቴራ አውልቂውና ይዘሽልኝ ነይ። አሁን የምለብሰው እኔ ነኝ።»